የሰሜኗ ምርኮኛና የመቅደላው ንጉሥ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት ግርጌ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲ በዛፍ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ አለ። ቦታው ለእንግሊዞች የተሰጠው በ1889 ዓ.ም. የሬኔል ሮድ ልዑካን አዲስ አበባ ገብተው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ከተዋዋሉ በኋላ ነው። ከዚያ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የተራራው አናት ላይ ሲወጣ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። እቴጌ ጣይቱ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የቀረ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ ደብር አጠገብ ነበር፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ነው።

የታችኛውን ግቢና የላይኛውን ደብር የሚያገናኛቸው መቅደላ ነው። እንግሊዞች ከኢትዮጵያ ጋር መጀመሪያ በጦር የተያዩት እዚያ ነው። የጣይቱ አባት ራስ ብጡል ደግሞ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው፤ የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የአፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ነበረች። እንጦጦ ላይ ያረፉት እቴጌና መቅደላ ላይ ባል የሞተባት ንግሥት የወንድማማቾች ልጆች መሆናቸው ነው።

በእነዚህ ሴቶች የአባቶች አገር፣ በሰሜን፣ ከመቅደላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንዲት ምርኮኛ በጠላት እጅ ከመኖር ሞትን መርጣለች። መቅደላ ላይ ደግሞ ንጉሡ እንዲሁ አደረገ። ሁለቱም ሞት ተመዝግቧል። አመዘጋገቡ ግን አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ከንጉሥና ከምርኮኛ የማዕረግ ልዩነትም ይሰፋል።

ከንጉሡ እንጀምር፤ ስለ እሱ የማይታወቅ ነገር ጥቂት ነውና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ ቴዎድሮስ ሽጉጡን ወደ አፉ አዙሮ ተኮሰ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችለት ነበር። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ የሟቹን ፊት በእርሳስ ነደፈ። ወታደሮች ከልብሱ እየቀደዱ፣ ከጸጉሩ እየቆረጡ ለማስታወሻ ወሰዱ። ያ ጸጉር ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። እንግዲህ የዚህ ሰው ሞት ሰዓቱ፣ መሣሪያው፣ የፊቱ መልክ፣ የጸጉሩ ዘለላ ሳይቀር በእጃችን አለ።

ይህን ሞት ወደ ጀግንነት የለወጠው ግን የእንግሊዞች ማስታወሻ አይደለም፤ ሙሾው ነው። ሙሾ በአብዛኛው የሴቶች ጥበብ ነው። አልቃሿ ግጥሟን እዚያው ለቅሶው ላይ ታወርዳለች፤ ያማረው ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ይቀራል። ለቴዎድሮስ ከተገጠሙት ውስጥ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንዱ በአምባው ጠርዝ ዋይታ መብዛቱን ይናገርና፣ ከሞቱት መካከል ስለ ሴቶቹ የሚያውቀው እንደሌለ፣ ከወንድ ግን የሞተው አንድ ብቻ እንደሆነ ይዘጋል። መምህራን ግጥሙን ሲያብራሩ ሁልጊዜ የሚያተኩሩት በሁለተኛው ሐሳብ ላይ ነው፤ ንጉሡን ትተው የሸሹት መኳንንት ወንድ አይባሉም ለማለት ነው ይላሉ። ትክክል ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የመጀመሪያው ነው። መቅደላ ላይ በዚያ ሰኞ ሴቶችና ሕፃናት በብዛት ነበሩ፤ መድፉ የተተኮሰው በእነሱም ላይ ነው። ግጥሙ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው የሚጠቅሳቸው። ጠቅሷቸው ግን አላውቅም ብሎ ያልፋል፤ አላውቅም ማለቱ ደግሞ ለግጥሙ ውበት አስፈላጊ ነው፤ አንዱ ወንድ ጎልቶ እንዲቆም ሌሎቹ ሟቾች መደብዘዝ አለባቸው።

ከደበዘዙት አንዷ ጥሩወርቅ ናት። ከቴዎድሮስ ጋር የነበራት ኑሮ የተቃና አልነበረም፤ አባቷን ያሰረባት ሰው ነበር። ከመቅደላ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን አቅጣጫ ስትጓዝ ሕመሟ ጠናባትና በግንቦት ወር፣ ባሏ በሞተ በወሩ ገደማ፣ ትግራይ ውስጥ አረፈች፤ ጨለቆት ተቀበረች። የሰባት ዓመት ልጇ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። እሷን ማንም በእርሳስ አልነደፋትም ብል ባልሳሳትም፣ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ዋናው ነገር የባሏ ሞት ቲያትርና ልብ ወለድ ሲወልድ የእሷ ሞት በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የልጇ ታሪክ መሸጋገሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ንጉሡን መድረክ ላይ አቆሙት። የሽጉጡ ድምፅ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ድምፆች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሆነው ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት በማይደረግበት አገር ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት በዚህ ጥብቅ ነው፤ አእምሮውን ስቶ ካልሆነ በቀር በራሱ እጅ የሞተ ሰው ጸሎት አይደርስለትም። በምእመኑ ዓይን ራሱን ያጠፋ ሰው ምሳሌው ይሁዳ ነው። ቴዎድሮስ ግን መቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ በሕዝቡም ልብ ከይሁዳ ጎን የመደበው አልነበረም። ለወንድ፣ በተለይ ለንጉሥ፣ ሕጉ በር አለው። የበሩ ስም ክብር ነው።

ለሴትስ?

በመዝገቡ ውስጥ የማውቀው ግልጽ ምሳሌ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ውስጥ ይገኛል። ሠርፀ ድንግል የነገሡት ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. ነው። የትግራዩን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅንና ተባባሪዎቹን ቱርኮች ካሸነፉ በኋላ፣ በ1572 ዓ.ም. ገደማ፣ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ተራሮች አዞሩ። እዚያ የቤተ እስራኤል መሪ የነበረው ራድአይ ነበር፤ በዜና መዋዕሉ አነጋገር የፈላሾቹ መሪ። ጸሐፊው ስለ ራድአይ ከሚነግረን ሁሉ የሚያስገርመው ይህ ሰው ተራሮቹን በእስራኤል ተራሮች ስም መጥራቱ ነው፤ አንዱን ደብረ ሲና፣ ሌላውን ደብረ ታቦር ብሏቸዋል። ጸሐፊው ይህን እንደ ትዕቢት ነው የሚያየው። የሰሜንን መልክዓ ምድር ላየ ሰው ግን እምብዛም አይገርምም፤ ገደሉ ከገደል ይወርዳል፣ አምባው በአምባ ላይ ይቆማል፣ መንገዱ አንዳንድ ቦታ የአንድ ሰው እግር ብቻ ያስኬዳል።

የዘመኑ ጦርነት ከመሬትም ሆነ ከግብር ባልተናነሰ ሰው የሚያስገኝ ጦርነት ነበር። አምባ ሲሰበር ወንዱ ይገደላል ወይም እጁን ይሰጣል፤ ሴቱና ልጁ ለወታደሩ ይከፋፈላል። ጸሐፊው የዚያኑ ጊዜ ሰው፣ የንጉሡ ቤት ካህን፣ ግእዙ የተባ ሊቅ ነው። ከምርኮው ሰልፍ ውስጥ አንዲት ሴት ለይቶ ያሳየናል። የማረካት ሰው እንዳታመልጠው እጇን ከራሱ እጅ ጋር አስሮ ይወስዳታል። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት መንገድ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ሴትዮዋ የገደሉን ጥልቀት ታያለች፤ አዶናይ እንዲረዳት በስሙ ትጠራለች፤ ወደ ገደሉም ራሷን ትወረውራለች፤ እጁ ከእጇ ጋር የታሰረውን ሰው ይዛው ትወርዳለች።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ትረካውን አቁሞ ይደነቃል። ከክርስቲያኖች ጋር ከመቀላቀል ሞትን የመረጠችውን የዚህችን ሴት ልበ ሙሉነት ያመሰግናል፤ ከእሷ ሌላም ብዙ ሴቶች እንዲሁ ማድረጋቸውን ይጨምራል። ከዚያ ወደ ጦርነቱ ይመለሳል። የዜና መዋዕሉ ግእዝ በ1907 እ.ኤ.አ. በካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ አዘጋጅነት ፓሪስ ላይ ታትሟል፤ ክፍሉ አጭር ነው፣ ለማንበብ አፍታም አይፈጅም።

የተሸናፊ ወገን ሴት በአሸናፊው ካህን ብዕር መመስገኗ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይህን ክፍል የቤተ እስራኤልን የእምነት ጽናት ለማስረዳት ይጠቅሱታል፤ ማስረጃነቱም ያለ ጥርጥር ነው። እኔ ግን ምስጋናውን ራሱን መመርመር እፈልጋለሁ፤ ምስጋናው አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ ነገር ይወስዳልና።

አንደኛ፣ ስም የላትም። ራድአይ ስም አለው፤ ወንድሙ ካሌፍ ስም አለው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ዘመቻ የወደቀው ጎሼን ስም አለው። ራድአይ ደግሞ በመጨረሻ እጁን የሰጠ ሰው ነው። እጁን የሰጠው በስሙ ተጻፈ፤ ያልሰጠችው «አንዲት ሴት» ሆና ቀረች። ጸሐፊው ስሟን ሊያውቅ አይችልም ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ ትክክል ነው። ብዙዎች እንዲሁ አደረጉ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጠቀለሉትን ግን ስም አላወቀም በማለት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የእነሱ ሞት ለጸሐፊው አንድ ምሳሌ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቷን የሚነግረን እሱ ነው። ሃይማኖቷን ላለመተው ሞተች ይላል። ሊሆን ይችላል፤ አዶናይን መጥራቷም ያንኑ ያሳያል። ገመዱስ? አንድ ወታደር አንዲትን ሴት ከእጁ ጋር አስሮ ወደ ሰፈሩ ሲወስዳት የሚጠብቃት ጥምቀት ብቻ አይደለም። ባርነት ነው፤ የማረካት ሰው ፈቃድ ሁሉ ነው። ይህን የዘመኑ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል፤ ጸሐፊውም ገመዱን ጽፎታል። በምስጋናው ውስጥ ግን ገመዱ የለም። ሃይማኖት ብቻ ቀርቷል።

ምክንያቱ፣ እንደሚመስለኝ፣ ካህኑ እጁ ላይ የነበረው መልክ የሰማዕቷ መልክ መሆኑ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስንክሳርና ገድል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። አርሴማ የንጉሡን ምኞት እምቢ ብላ አንገቷን ሰጠች፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስትሳል ፊቷ ሙሉ፣ ዓይኖቿ ሁለቱም ወደ ተመልካች የተከፈቱ ናቸው፤ ሰያፊዋ እንደ ክፉዎች ሥርዓት በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሳላል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ሴት ትጸናለች፣ ትታገሳለች፣ ትሞታለች። የምትገደል እንጂ የምትገድል አይደለችም። የገደለች ሴት ስትመጣ ደግሞ ዮዲት ጉዲት ትሆናለች፤ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች፣ በስሟ ልጅ የሚፈራባት። ለምርኮኛዋ የተረፈው ቦታ በአርሴማና በዮዲት መካከል ነበር፤ ካህኑ ቸር ሰው ስለነበር ወደ አርሴማ ጠጋ አደረጋት።

ለክርስቲያን ሴት ከዓለም የመውጫው የተከበረ መንገድ ምንኵስና ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ የጦር አለቃ የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ ጸጉሯን ተላጭታ ገዳም ገባች። በ1672 እ.ኤ.አ. ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ፤ በሥዕል ያጌጡ ቅጂዎችም አሉት። ባል ጥሎ መሄድ በራሱ ነውር በነበረበት አገር ቆቡ ለዚህች ሴት ስም፣ መጽሐፍና ሥዕል አስገኘላት። በልብ ወለድም መንገዱ አልተለወጠም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል በዛብህ ከሞተ በኋላ ትመነኵሳለች። ሌላ ደራሲ ቢሆን በገዛ እጇ ባስሞታት ነበር፤ ሐዲስ ግን ዲማ ጊዮርጊስ የቆጠሩ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ቆቡን አወጡላት።

በገዛ እጃቸው የሚሞቱ ሴቶች ወደ አማርኛ መድረክ በብዛት የገቡት በትርጉም ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን በ1946 ዓ.ም. በአማርኛ አወጡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ተረጎመ። ዡልየት መድረክ ላይ በተመልካች ፊት ትሞታለች። ኦፌልያ ግን አትታይም፤ ወንዝ ውስጥ መስጠሟን ንግሥቲቱ መጥታ ታወራለች። የማክቤዝም ሚስት ከመጋረጃው ጀርባ ትሞታለች፤ ተመልካቹ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በ«ሐምሌት» ከኦፌልያ ሞት ቀጥሎ የሚመጣው የመቃብር ቆፋሪዎቹ ክርክር፣ ይህች ሴት የክርስቲያን ቀብር ይገባታል አይገባትም የሚለው፣ የቄሱም ማንገራገር፣ ለአዲስ አበባ ተመልካች ከዴንማርክ የመጣ ነገር አይመስልም። ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ነው፤ የሟች ቤተሰብ ፍትሐት እንዳይቀርበት ደፋ ቀና ሲል አይቷል።

አውሮፓውያን ሠዓልያን ደግሞ ሼክስፒር የሸሸገውን አውጥተው አስጌጡት። እንግሊዛዊው ጆን ኤቨሬት ሚሌ በ1851 እና 1852 እ.ኤ.አ. ኦፌልያን በአበባ ተከብባ ውኃ ላይ ተንሳፍፋ ሣላት። ኤልሳቤጥ ሲዳል የተባለችው ወጣት ሥዕሉ እስኪያልቅ በውኃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ትተኛለት ነበር። ውኃውን የሚያሞቁት መብራቶች አንድ ቀን ጠፍተው ብርድ መታት፤ አባቷም ሠዓሊውን የሐኪም ወጪ ጠየቀው። ሥዕሉ ፊት የሚቆም ሰው ይህን አያይም፤ የሚያየው የሚያምር ሬሳ ነው። ከእሱ በፊትም ሬምብራንት በ1664 እና በ1666 እ.ኤ.አ. የሮማዋን ሉክሬሽያን ከነጩቤዋ ሁለት ጊዜ ሥሏታል፤ ተደፍራ ለክብሯ ብላ የሞተች። ከሮም እስከ ሰሜን ተራራ ድረስ ጥበብ ለሴቷ ሞት የሚፈቅደው ምክንያት ያው ነው፤ ንጽሕናዋ፣ ፍቅሯ ወይም እምነቷ።

የእኛ ዜና መዋዕል ከሚሌ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ሴትዮዋን አላስጌጣትም። መልኳን አልነገረንም፣ ሬሳዋን አላሳየንም፤ ያሳየን ድርጊቷን ነው። ድርጊቷ ላይ ትኩር ብሎ ላየ ሰው ግን ምስጋናውና ድርጊቱ አይገጣጠሙም። በዚያ ዘመን የጦር ባህል ጠላት የጣለ ሰው ግዳይ ጥሎ ይመጣል፣ ይፎክራል፣ ይሸለማል። ይህች ሴት እጇ ታስሮ ሳለ አንድ የንጉሥ ወታደር ወደ ገደል ይዛ ወርዳለች። ጸሐፊው ይህን መሞት ብሎ መዘገበው። መግደል አላለውም፤ ጦርነት ውስጥ የተደረገ ነገር መሆኑንም አልጻፈም።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥቶ አይደለም። በጠላት እጅ የታሰረ፣ አምላኩን አንድ ጊዜ እርዳኝ ብሎ የጠራ፣ ከዚያም ከጠላቶቹ ጋር አብሮ የሞተ ሰው አለ፤ ሶምሶን። ከይሁዳም ከሳኦልም ተለይቶ በዕብራውያን መልእክት ከእምነት ሰዎች ተራ ተቆጥሯል። የምርኮኛዋ ታሪክ እስራቱም፣ ጸሎቱም፣ አወዳደቁም የእሱ ነው፤ የግእዝ ሊቅ ይህ ይጠፋዋል ብዬ አላምንም። ካህኑ ግን ሶምሶንን ለሴት አልሰጠም። መጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን ሲሞት የገደላቸው በሕይወቱ ሳለ ከገደላቸው እንደሚበዙ ቆጥሮ ይናገራል። በሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ከሴትዮዋ እጅ ጋር የታሰረው ወታደር ከዘመቻው ሟቾች ጋር አልተቆጠረም።